ዳር የቆመችው ልጅ፦ ከአዳማ ኩየራ ለአንድ የቤተሰብ ፎቶ

ከአዳማ የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የምሄደው ኩየራ፣ የአንድ ቤተሰብ ሰዎችን ግቢያቸው ውስጥ አሰልፌ ፎቶ ላነሣ ነው። ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል መንገድ? ትሉ ይሆናል። እኔም በሰባ አራት ዓመቴ፣ ከነጉልበቴ ሕመም፣ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

እኔ ለማ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ አጻጻፌ ቢያነክስ አትፍረዱብኝ። የማውቀው ሥራ የሰውን አቀማመጥ ማሳመር ነው። ስቱዲዮ ኖሮኝ አያውቅም። ቤተሰብ ሲጠራኝ እቤቱ ሄጄ፣ ደጅ ላይ፣ በፀሐይ ብርሃን አነሣለሁ። እሑድ እሑድ አንዴ ወለንጪቲ፣ አንዴ መቂ፣ አንዴ ሻሸመኔ ስል ነው የኖርኩት። አሁን መቼም ሁሉም ሰው በኪሱ ስልክ አለው፣ የሚጠራኝ የለም። ልጄ የገዛልኝ ዲጂታል ካሜራም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ናትናኤል የሚባል ሰው ከኩየራ ደወለ።

«አባባ፣ እናቴን ወይዘሮ ድንቅነሽን ያስታውሷታል? ሰማንያ ዓመቷን ልትደፍን ነው። እሑድ ልጆቿ ሁላችንም እንሰበሰባለን። ሳሎናችን የተሰቀለውን ፎቶ ያነሣው ሰውዬ በሕይወት ካለ እሱ ይምጣ፣ በስልክ አታንሡኝ ብላለች።»

«አለሁ» አልኩት። «ባለ ሦስት እግሩ ትሪፖዴም አለ።»

ሳቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ጫልቱ፣ ታላቅ እህታችን፣ እዚያው አዳማ መጋረጃ ትሰፋለች። ስንጠራት ሥራ አለብኝ ትላለች። እርስዎ ይዘዋት ቢመጡስ?»

ጫልቱ ከሟቹ አባታቸው ከአቶ ገመዳ የመጀመሪያ ሚስት የተወለደች ናት። እናቷ ስትሞት ገና ልጅ ነበረች፤ ያሳደገቻት የእንጀራ እናቷ ድንቅነሽ ናት። ሱቋ ሄድኩ። ሐምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ሴት ናት። ቁጭ ይበሉ ብላ በርጩማ ሰጠችኝ፤ የመጣሁበትን ስነግራት ግን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እሄዳለሁ። እትዬ ድንቅነሽን ሰላም እላታለሁ። ፎቶው ውስጥ ግን አልገባም።»

«ምነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ ያን የሳሎኑን ፎቶ ያነሡት እርስዎ አይደሉ? አብሬያቸው ቆሜ ነበር። ተሰቅሎ ሳየው የለሁም። ዳሩ ላይ ጉርድ። የቆረጡኝ እርስዎ፣ ያስቆረጠችኝ እሷ። ከዚያ ቤት የወጣሁት በዚያው ሰሞን ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው።»

ነገሩ ትዝ አላለኝም። ይህን ያህል ዘመን ስንቱን ቤተሰብ እንዳነሣሁ እኔም አላውቀው። ቤቴ ገብቼ አሮጌ ኔጌቲቮቼን የማኖርበትን የብስኩት ጣሳ ከፈትኩ። «ኩየራ፣ አቶ ገመዳ» የሚለውን ወረቀት አገኘሁና ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩ። ከዋንዛ ዛፍ አጠገብ አሥራ አምስት ሰው። በቀኝ ዳር፣ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ፣ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ረጅም ልጅ ቆማለች።

ያኔ ትዝ አለኝ። ቤተሰቡ ባለ መስታወት ፍሬም ከሻሸመኔ ገበያ አስቀድሞ ገዝቶ ነበር። ፎቶው ሲታጠብ ለፍሬሙ ሰፋ። እኔ ደግሞ በመቀስ ከዳሩ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ አስገባሁት። ማንም ቁረጥ አላለኝም።

ኔጌቲቩን በወረቀት ጠቅልዬ በደረት ኪሴ ከተትኩ። መንገድ ላይ እነግራታለሁ ብዬ ነው።

ከአዳማ እስከ መቂ

የአዳማ ነፋስ በጠዋቱ አቧራውን ያነሣል። መናኸሪያው ውስጥ ጫልቱ ቀድማኝ ደርሳ፣ ለእኔ በመስኮት በኩል ቦታ ይዛ ነበር። ትሪፖዱን በጉልበቶቼ መሃል አቆምኩት። ረዳቱ አየውና፦

«አባባ፣ ይሄ ነገር መትረየስ እንዳይሆን!»

«ሰው መሰብሰቢያ ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ለእኔም ይስጡኝ፣ ሦስት ሰው ጎድሎብኛል!»

ሚኒባሱ ሳቀ። ጫልቱም ሳቀች፤ ስትስቅ ፊቷ የአባቷን ይመስላል።

በሞጆ አድርገን ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሾፌሩ በአሮጌው መንገድ ነው የሄደው፤ በየከተማው የሚወርድ የሚሳፈር ስላለው። እኔም ደስ አለኝ። ቆቃን ስናልፍ የግራሩ ሜዳ ይጀምራል፤ ከዚያ መቂ ድረስ ዓይን የሚያርፍበት ሁሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። መቂ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከሚስታቸው ጋር ተሳፍረው ከኋላችን ተቀመጡ።

«አካም ቡልተኒ?» አሉ።

«ፈያ፤ እናንተስ እንዴት አደራችሁ?» አለች ጫልቱ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ወግ ያዙ። ሽማግሌው ካሜራዬን አይተው በአማርኛ ጠየቁኝ፦ «በዚህ ቤተሰብ ያነሣሉ? እኔ እኮ አንድም ከሚስቴ ጋር የተነሣሁት የለም።»

«ምነው?»

«ሁልጊዜ እሷ ሰው ስታስተናግድ ነው የሚነሣው። እንግዳ ይሞላል፣ እሷ ጓዳ ናት።»

ሚስትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ስንት ቤት ያነሣሁት ፎቶ ላይ የደገሰችው ሴት እንደጎደለች ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ሁለቱን እዚያው መቀመጫቸው ላይ ሁለቴ አነሣኋቸው። ሰውዬው ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ሚስትየዋ ወደ መስኮቱ ዞረው ፎቶው ላይ ወጡ። የልጃቸውን ስልክ ቁጥር ተቀበልኩ፣ ጫልቱ ልትልክላቸው።

ዝዋይ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል

ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የሚሉት ከተማ፣ ወረድን። ከዚህ ሌላ መኪና እንይዛለን። ቁርስ ስላልቀመስን ሐይቁ ዳር ሄደን አሳ ለብለብ በዳጣ አዘዝን። ሥጋው እጅ ላይ ይፈርሳል፤ ዳጣው ዕንባዬን አመጣው። ረጃጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች የአሳ አጥንት ሊቀበሉ አጠገባችን ተራ ይጠብቃሉ፤ ልክ እንደ ሹም ናቸው፣ አንገታቸውን ቀብረው።

ከእኛ ራቅ ብሎ ውሃው ዳር አንድ ቤተሰብ ፎቶ ይነሣል። ሠርግ ሳይሆን አይቀርም፤ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ለብሰዋል። ሁለት ወጣት አንሺዎች አሉ፤ አንዱ ካሜራ ይዟል፣ ሌላው በሰማይ የሚበር ነገር ያበራል። እኔ አሳውን ትቼ ተነሣሁ። ምን ላድርግ፣ ዓይኔ አይታዘዝም።

«በሉ ሁላችሁም አንዴ ዝለሉ!» ይላል ባለካሜራው። ሕፃናቱ ዘለሉ፣ ሙሽሮቹ ዘለሉ። አንድ አያት ብቻ በከዘራቸው ተደግፈው ቀሩ። «አባባ፣ እርስዎ ዝም ብለው እጅዎን ያንሡ» አላቸው። አነሡ። ምርጥ ሆነ! እኔ በዘመኔ ሰው አስዘልዬ አላውቅም፤ «አትነቃነቁ» ነው ያልኩት ዕድሜዬን ሙሉ። ጠጋ ብዬ ልጁን ጠየቅኩት፦

«ልጄ፣ ዓይን የጨፈነውንስ እንዴት ታደርገዋለህ?»

«ሃያ ጊዜ አነሣለሁ አባባ፣ ከአንዱ ፎቶ የተከፈተ ዓይን ወስጄ ለሌላው እገጥማለሁ።»

ወይ ጉድ! እኛ ፊልም ስለምንቆጥብ ዘዴያችን ሌላ ነበር። ሁሉንም ጨፍኑ እላለሁ። ቀስ ብዬ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ። ሦስት ስል ይከፍታሉ፣ ያኔ እጫናለሁ። አሁን የተከፈተ ዓይን ቶሎ አይጨፈንም። ይህን ስነግረው ልጁ ስልኩን አውጥቶ እኔን መቅዳት ጀመረ።

ጫልቱ መጥታ ከጎኔ ቆማ ነበር። ወደ አሳችን ስንመለስ ጥያቄ በጥያቄ አደረገችኝ። ሽማግሌ ለምን ወንበር ላይ? ሕፃን ለምን ሣር ላይ? እኔም ደስ ብሎኝ ዘረገፍኩላት። ከዛፍ ሥር አላቆምም፣ የቅጠል ጥላ ፊት ላይ ጠቃጠቆ ይሠራል፤ ከዛፉ አጠገብ ነው። ፀሐይ በጎን እንጂ ፊት ለፊት አይሆንም፣ ሰው ያኮማትራል። የተጣሉ ወንድማማቾች ካሉ በመሃላቸው ሕፃን አቆማለሁ፤ ሁለቱም ሕፃኑን ሊይዙ ሲሉ ይቀራረባሉ።

«ዳር የሚቆመውስ?» አለች። «እሱ በምን ይመረጣል?»

እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። ወረቀቱን ነካሁት። ከዚያ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

«በቁመት ነው» አልኩ።

እሷም «እ» አለችና የአሳውን ጭንቅላት ለወፎቹ ወረወረችው። መኪናው እስኪሞላ፣ ከዚያም አርሲ ነገሌን አልፈን ብርዱ በመስኮቱ እስኪገባ ድረስ ኔጌቲቩ ከኪሴ አልወጣም። በዚህ ዕድሜዬ ፈሪ መሆኔ ለራሴም ገረመኝ።

ኩየራ

ኩየራ ቀዝቃዛ ናት፣ የድንች አገር። የቀይ አፈሩ መንገድ በዝናብ ረጥቦ ስለነበር ባጃጁ እያንሸራተተ ደጃፉ ላይ አወረደን። ዋንዛው አሁንም አለ፤ ግንዱ ወፍሯል። ወይዘሮ ድንቅነሽ ዱላቸውን ይዘው ሊቀበሉን ወጡ። ጫልቱ ጎንበስ ብላ ጉንጫቸውን ሳመች፣ «እትዬ፣ እንዴት ነሽ?» አለች፣ ዕቃዋንም ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። አሮጊቷ በዓይናቸው ተከተሏት።

«ወንድም ለማ፣ አመጧት» አሉኝ ቀስ ብለው። «እግዚአብሔር ይስጥዎት።»

ሳሎኑ ውስጥ ያ ፎቶ በፍሬሙ ተሰቅሏል። ራት ስንበላ ፊት ለፊቱ ነው ያስቀመጡኝ። አሥራ አራት ሰው። አገጬን ከደረቴ አላነሣሁም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግቢው ሞላ። ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ አማቾች፤ ከሐዋሳ የመጣ አለ፣ ዱከም ፋብሪካ የሚሠራ አለ። ምሳ ተበላ። አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ትሪፖዱን ተከልኩ። ወንበር አስወጣሁ። ወይዘሮ ድንቅነሽን መሃል አስቀመጥኳቸው። ጫልቱ ከእኔ ጎን ቆማ ትሪፖዱን ትይዝልኛለች፤ «ያ ልጅ የጫማው ክር ተፈቷል» «አንቺ ሰማያዊ፣ ወደ ግራ» እያለች ታግዘኛለች። ዓይኗ የአንሺ ዓይን ነው።

«ጫልቱ፣ ነይ እንጂ» አሉ አሮጊቷ።

«እኔ እዚህ ይሻለኛል እትዬ።»

«አንቺ ካልገባሽ ይቅር፣ አልነሣም!» ብለው በዱላቸው ተደግፈው ሊነሡ ሞከሩ። ናትናኤል «እማዬ፣ ተይ፣ ሰው ፊት» ይላል። አማቾቹ መሬት መሬት ያያሉ። ጫልቱ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ ቦርሳዋን ይዛ ወደ በሩ ብትሄድ አይገርመኝም ነበር። ከሄደችም ሁለተኛ እንደማትመለስ ገባኝ።

«ናትናኤል» አልኩ፣ «ያን የሳሎን ፎቶ አውርደህ አምጣልኝ።»

አመጣው። እኔም ኔጌቲቩን ከኪሴ አወጣሁ። ከፎቶው ጎን አድርጌ ለጫልቱ ሰጠኋት።

«ጫልቱ፣ ወደ ሰማዩ አድርገሽ እዪው። ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ነው። በቀኝ ዳር።»

አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። «የእናቴን ሻሽ አስሬ ነበር» አለች።

«ማንም አላስቆረጠሽም። ፎቶው ለፍሬሙ ሰፋ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ሐሳብ። እትዬ ድንቅነሽም ምንም አላሉኝ።»

ወይዘሮ ድንቅነሽ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ከሴት ልጆቻቸው አንዷን ጠርተው «መጽሐፍ ቅዱሴን አምጪልኝ» አሉ። ከገጾቹ መሃል አንድ ቀጭን ወረቀት ሳብ አደረጉ። ሁለት ጣት የምትሰፋ፣ ዳሯ የተበላ፤ ላይዋ ላይ ሻሽ ያሰረች ልጅ ቆማለች። አሁን ነው ያስታወስኩት፦ የሰው ፊት ቆሻሻ ላይ መጣል ስለማልወድ ቁራጩን ሁልጊዜ በፖስታ ከትቼ ከፎቶው ጋር እልከው ነበር።

«ይቺ ከፖስታው ስትወድቅ» አሉ ወይዘሮ ድንቅነሽ፣ «ጫልቱ ራሷ አስቆርጣ የላከችብኝ መሰለኝ። ከአንቺ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አልገኝም ማለቷ ነው አልኩ። እናቷን አልተካሁላትም ብዬ... ልጠይቃት አፈርኩ። ከዚያ ሄደች።»

ጫልቱ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ለምን በእኔ በኩል ቆረጡት?»

መዋሸት እችል ነበር። «በዚያኛው ዳር አጎትሽና ሁለት ሕፃን ነበሩ። በአንቺ በኩል አንቺ ብቻ ነበርሽ። አንድ ሰው ቢጎድል ይሻላል ብዬ ነው።»

«አንድ ሰው ቢጎድል» አለች። «ትላንትና ዝዋይ ላይ ጠይቄዎት ነበር እኮ።»

«ጠይቀሽኛል። ፈርቼ ነው።»

ኔጌቲቩን መለሰችልኝና ዋንዛውን አልፋ ወደ አጥሩ ሄደች፤ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ማንም አልተከተላትም። ፀሐይዋ ትሄዳለች። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከማንሣት ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለኝ ወደ ካሜራዬ ተመለስኩ።

«በሉ፣ ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ። «ሦስት እስክል እንዳትከፍቱ።»

ጨፈኑ። ሕፃናቱ በመዳፋቸው ጭምር።

«አንድ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ጫልቱ ከአጥሩ ዞራ ታየናለች። ያ ሁሉ ሰው ጨፍኖ፣ አሮጊቷ መሃል ላይ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«ሁለት።» ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ያለ ረጅም ሁለት ቆጥሬ አላውቅም። አንድ ሕፃን «አባባ ቁጥር ጠፋባቸው» ብሎ አንሾካሾከ። ጫልቱ ተራመደች። በሣሩ ላይ ቀስ ብላ መጥታ ከወንበሩ ኋላ ቆመችና እጇን አሮጊቷ ትከሻ ላይ አኖረች። ወይዘሮ ድንቅነሽ ዓይናቸውን አልከፈቱም። እጃቸውን ብቻ አንሥተው፣ እየዳበሱ፣ እጇን ያዙ።

«ሦስት።»

ተጫንኩ።

ከዚያማ ጫጫታው! ስንቱ አለቀሰ፣ ስንቱ ሳቀ። ጫልቱ ዓይኗን ጠርጋ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «አሁን እርስዎ ይግቡ።»

«እኔ? እኔማ አንሺው ነኝ።»

«አይሆንም። ይግቡና ዳር ይቁሙ። እስቲ እንዴት እንደሆነ ይቅመሱት!»

ናትናኤል ካሜራው በራሱ እንዲያነሣ አደረገው። አሥር ሰከንድ አለዎት አለኝ። ለእኔ ጉልበት አሥር ሰከንድ ምን አላት? እየሮጥኩ ነው ብዬ እየተንፏቀቅኩ ዳር ልደርስ ስል ቀጭ አለ።

አዳማ፣ ሰኞ ከሰዓት

በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ጫልቱ እስከ ዝዋይ አኩርፋኝ ነበር፤ ዝዋይ ላይ አሳውን እሷ አዘዘች። አዳማ እንደገባን ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈን፤ ዕቃችንን እንደያዝን ቀጥታ ፎቶ ቤት ሄድን። የምታትመው ወጣት ሴት ሁለቱን ፎቶዎች ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተች። በመጀመሪያው ሁሉም ዓይኑን ከፍቷል፣ ወይዘሮ ድንቅነሽ ብቻ እንደጨፈኑ ናቸው፤ እጃቸው ግን የጫልቱን እጅ ይዟል። በሁለተኛው ሁሉም ይስቃል። በቀኝ ዳር ደግሞ አንድ ትከሻ፣ አንድ ጆሮና ግማሽ ባርኔጣ ገብቷል። እኔ ነኝ።

ጫልቱ መጋረጃ ሱቋ ድረስ የሚሰማ ሳቅ ሳቀች።

«አባባ» አለች ልጅቷ፣ «ሁለተኛው ያምራል፤ ይሄ ዳር ላይ ያለው ግማሽ ሰው ግን አበላሸው። ደግሞም ለተዘጋጀ ፍሬም ይሰፋል። ክሮፕ ላድርገው፣ ዳሩን ልቁረጠው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ጫልቱ የልጅቷን እጅ ያዘች።

«እንዳትነኪው! ሰው ነው።»

ከዚያ ወደ ፍሬም ሠሪው ሄድን፤ እሱም የተዘጋጁ ፍሬሞቹን ደረደረልን። እኔ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከዳር እስከ ዳር በእጄ ለካሁለት። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ይቺን ነው፣ በዘገየ ዕድሜም ቢሆን፦ አስቀድሞ ፎቶው፣ ከዚያ ፍሬሙ። በዚህ ልክ ሥራልን አልኩት። ሐሙስ ይደርሳል ብሎናል፤ ወደ ኩየራ የምትወስደው ጫልቱ ናት።